የጄኔራሉ አንገት

በማዋለጃ ክፍሉ «ሲስተር ግፊ» የሚሏትን አዋላጅ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው ከተገኘ ወይ የአስተዳደር ሠራተኛ ነው ወይ ተሳስቷል። ቅጽሉን ያወጡላት ወላዶች ናቸው፤ ተመካክረው አይደለም። ምጥ ላይ ያለች ሴት ከእሷ አፍ የምትሰማው ቃል አንድ ብቻ ነው፣ እሱኑ መልሰው ሰጧት። ድምፅዋን ደግሞ ተራ ድምፅ አድርጎ የሚገምት ሰው ሰምቷት አያውቅም ማለት ነው። የሆስፒታሉ ድምፅ ማጉያ በተበላሸ ጊዜ አስተዳደሩ ሳያስጠግነው ቀረ፤ ምን ቸገረው፣ እሷ ተረኛ ከሆነች መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። አንድ ክረምት ግቢ ውስጥ ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና ከብበው የቆሙ ሰዎች፣ በመስኮት የወጣውን ትእዛዝ ሰምተው በአንድ ትንፋሽ ገፍተው አውጥተውታል። ትእዛዙ ለአንዲት ሴት መሆኑ ግልጽ ነበር፤ እምቢ ለማለት የደፈረ ወንድ ግን አልተገኘም።

ሁለተኛዋ ቃሏ «ዘመድ ውጭ!» ነበረች። ባል ውጭ፣ አማት ውጭ፣ አክስት ውጭ። አንድ ጊዜ የፖሊስ አዛዥ ከነመለዮው ውጭ። «ዘመድ ምጥ አያቀልም፣ አየር ይጨርሳል እንጂ» ትላለች። ይህ ቃሏ እንዲከበር የማዋለጃው በር ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ እንዲገጠምለት ያደረገች እሷ ናት። የበሩ መስታወት ነጭ ቀለም እንዲቀባ ያደረገችም እሷ ናት። ከበሩ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም የእንጨት ወንበር አለ። መሀሉ ተሰንጥቋል፤ የተቀመጠ ሰው በሰላም ይቀመጣል፣ ሲነሳ ግን ይቆነጥጠዋል። ሰው ሁሉ ስለ ወንበሩ ለእሷ አቤት ብሏል። እሷ ተቀምጣበት ስለማታውቅ ነገሩን የዘመድ ምቀኝነት ነው ብላ አለፈችው።

እንዲህ ተከብራ በምትኖርበት ዘመን ከላይ መመሪያ ወረደ። መመሪያ መቼም ከላይ ነው የሚወርደው፤ ከታች ያለው ሰው ድርሻ ጭንቅላቱን ማዘጋጀት ነው። መመሪያው አባት ማለት እስከ ትናንት ዘመድ ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ «አጋር» ነው አለ። አጋር ደግሞ ማዋለጃ ክፍል ይገባል፣ ከመግባቱ በፊትም ይሰለጥናል። ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ አባቶች ተሳትፎ ረጅም ንግግር አደረገ። ይህ ሰው የራሱን ልጆች የሚለያቸው በሹራባቸው ቀለም ነው፣ ሹራብ ሲቀያየሩ በእናታቸው በኩል ያጣራል። ንግግሩ ሲያበቃ አሰልጣኝ ይመረጥ ተባለ። በአንድ ድምፅ የተመረጠችው ሲስተር ግፊ ናት፤ ስብሰባው ላይ ያልነበረችው እሷ ብቻ ነበረችና። ምጥ ላይ ነበረች፤ የሰው ምጥ።

ለሥልጠናው የተሰጣት አንድ አሮጌ የአንሶላ መጋዘን፣ አንድ የፕላስቲክ ገንዳና አንድ አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። ክብደቱ የአራስ ልጅ ክብደት ነው፣ አንገቱም እንደ አራስ ልጅ አንገት ልል ነው፤ ሲያነሱት ካልደገፉት ራሱ ወደ ኋላ ይወድቃል። የሠራው ሰው ያውቅ ነበር፤ አባት መማር ያለበት ዋናው ነገር እሱ መሆኑን አስቦ ነው የሠራው። ሲስተር ግፊም የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት የከፈተችው «ከሁሉ በፊት አንገት!» ብላ ነው።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አሻንጉሊቱን ሲያጥብ ራሱ ከአንገቱ ተነቅሎ ገንዳ ውስጥ ገባ።

«እኔ አልነካሁትም» አለ ሹፌሩ፣ ገላውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

ሲስተር ግፊ ራሱን በአንድ እጅ፣ ገላውን በሌላው ይዛ ንብረት ክፍል ሄደች። የንብረት ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ራሱ አለ። ገላው አለ። ታዲያ ምኑ ጠፋ?»

«አንገቱ ነዋ!»

«አንገት ተብሎ ገቢ የሆነ ዕቃ የለንም፣ ሲስተር።»

ከዚያ የሄደችው ጄሶ ክፍል ነው። የጄሶው ባለሙያ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ጥንቃቄ አብዝቶ ስብራት ጠፍቶበት ነበር። አሻንጉሊቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ከአገጩ እስከ ትከሻው አድርጎ ጠቀለለው፣ አለሰለሰው፣ አደረቀው፣ በጣቱም ቆረቆረው። «ከዛሬ ወዲያ ይሄ ራስ ከሚወድቅ የእኔ ይውደቅ» አለ። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። ራሱ አልወደቀም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሻንጉሊቱ አገጩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ሰልፍ እንደሚገመግም ሰው ፊት ለፊት እያየ የሚኖር ሆነ። ሰልጣኞቹ «ጄኔራሉ» አሉት። «ዛሬ ጄኔራሉን ማን ያጥባል?» «ጄኔራሉ ዳይፐር ይቀየርላቸው!» ትምህርቱ ሰመረ። ዳቦ ጋጋሪው በአንድ እጁ አነሳው፣ ራሱ ንቅንቅ አላለም። ልብስ ሰፊው በብብቱ ይዞ አነሳው፣ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ግፊ ለጥቂት ጊዜ «አንገት ደግፉ» ማለቷን ቀጥላ ነበር። ግን በጄሶ የደረቀ አንገት መደገፍ የመብራት ምሰሶ እንደመደገፍ ነው፤ የሚያየውም ይስቃል። ቃሉ ከትምህርቱ ውስጥ ማንም ሳይሰርዘው በገዛ ራሱ ወደቀ። በምረቃው ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ዳይሬክተሩም ጄኔራሉን ታቅፎ ፎቶ ተነሳ። ከሁለቱ አንገቱ ቀና ያለው ጄኔራሉ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አያቶች ይመጡ ጀመር። «ኧረ ይሄ ያንቺ ተማሪ ልጁን እንደ ጄሪካን ነው የሚያነሳው» አለች አንዷ። «ደግ አደረገ፣ ከማያነሳው ይሻላል» ብላ መለሰችላት ሲስተር ግፊ። «ራሱን እኮ ይለቀዋል» አለች ሌላዋ። «አያት ስትባሉ ሥልጣን የተነጠቃችሁ ይመስላችኋል» ብላ አሰናበተቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእሷ ጆሮማ ጭራሽ የሌላ ሰው ነበር።

በዚህ መሀል ነው አንዲት ልጇ ያረገዘችው። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከእናቷ የወረሰችው ድምፁን ሳይሆን ሥልጣኑን ነው፤ ሳትጮህ ትቀጣለች፣ የጣለችውንም ቅጣት አታነሳም። ባሏ መስታወት ቆርጦ የሚገጥም፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥልጠናውን ሲወስድ ጄኔራሉን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዞ፣ ልክ ትልቅ የመስኮት መስታወት እንደሚያነሳ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ነበር የሚያነሳው። ሲስተር ግፊ ክፍሉን አስቁማ «ከእሱ ተማሩ! በዕድሜው አንድ ነገር ሰብሮ አያውቅም» ብላለታለች።

ሆዷ ገፍቶ የመጨረሻው ወር ላይ፣ ልጅቷ እናቷን ቤቷ ጠርታ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ እኔ ስወልድ አንቺ አትገቢም።»

«ምን አልሽ?»

«ዘመድ ውጭ።»

«እኔ ነኝ ዘመድ?»

«እናቴ ነሽ። ከዚህ በላይ ዘመድ ከየት ላምጣልሽ?»

ሲስተር ግፊ ወደ አማቿ ዞረች። አማቿ መሬት መሬት ያያል።

«አንገት ደፊ አገር አጥፊ» አለችው።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እማማ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!» ወደ ልጇ ተመለሰች። «ልጅ እናቷን ምጥ አስተማረች ሲሉ ስሰማ የሰው ልጅ ይመስለኝ ነበር።»

«አላስተምርሽም። ግን ፈተና ስገባ ግፊ፣ ብስክሌት ስለምድ ግፊ፣ የሠርጌ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ግፊ። አሁን አንዴ እንኳ ማንም ሳይጮህብኝ ልግፋ።»

«እና እኔ የት ልሁን?»

«ወንበሩ ላይ። ድምፅሽ በሩን አልፎ ከገባ ግን ልጁ አንገቱን እስኪችል ድረስ አታቅፊውም።»

«ቀልድሽን ነው።»

አልቀለደችም። ሲስተር ግፊ የሰውን ልጅ ከማህፀን ስትቀበል ስንት ዘመን ኖራ፣ ሁሉንም እያጠበች ለሰው ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። የራሷ የሆነ፣ ለማንም የማትሰጠው አራስ ይኖረኛል ብላ ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ስለዚህ ማለች። አፏን እንደምትይዝ ማለች። አማቿ ሰምቶ አላመነም፣ ግን ዝምተኛ ስለሆነ አለማመኑም አልታወቀበትም።

ምጡ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጣ። ሲስተር ግፊ ፈቃድ ወስዳ፣ ጋዋኗን አውልቃ፣ እንደ ሰው ለብሳ ልጇንና አማቿን ተከትላ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት አዋላጅ የገዛ ራሷ ተማሪ ነበረች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ወጣቷ። «ዘመድ ውጭ።»

አባባሉ የራሷ ነው፤ ድምፅ ብቻ ይቀረዋል። በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ጠቅ አለ። ሲስተር ግፊ በነጭ ቀለም የተቀባውን መስታወት ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች።

ወንበሩ ላይ ፔርሙዝ ያቀፈች አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች። እሷም የልጇን መውለድ ትጠብቃለች።

«መጀመሪያሽ ነው?» አለቻት ባለ ፔርሙዟ።

«ምኑ?»

«ወንበሩ። ስትነሺ ወደ ግራ ተነሺ። ወደ ቀኝ ከተነሳሽ ይቆነጥጥሻል። አስተካክሉልን ብንል፣ እዚህ ቤት አንዲት የምትጮህ ሴትዮ አለች አሉ፣ እሷ እምቢ አለች።»

ሲስተር ግፊ አፏን ለመያዝ የማለችው ለዚህም ይሁን አይሁን አላወቀችም።

«ሻይ ጠጪ» አለች ሴትዮዋ፣ ለራሷ እየቀዳች። «አማችሽ ገብቷል?»

«ገብቷል። ሰልጥኗል።»

«ወይኔ!» አለች ባለ ፔርሙዟ፣ እንደ ሐዘንተኛ። «የታላቋ ልጄ ባልም ሰልጥኗል። ምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቅሎታል፣ ከሠርግ ፎቶው በላይ። ልጁን ሲያነሳው ግን ብታዪ፣ ራሱ ወዲያ ይሄዳል፣ ገላው ወዲህ ይመጣል። አንገቱን ደግፍ እንጂ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አንገት ትምህርቱ ላይ የለም!»

«የለም አለ?»

«የለም አለ። በደንብ ተምሬያለሁ አለ። እኔና ልጄ እየተፈራረቅን ከኋላ ከኋላው እጃችንን ዘርግተን እየተከተልን ነው ልጁን ለወግ ያበቃነው። ምን ላይ እንደሚያለማምዷቸው እንጃ። እንጨት ይሆናል።»

«ጄሶ ነው» አለች ሲስተር ግፊ።

ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። ባለ ፔርሙዟም አልሰማቻትም። ሲስተር ግፊ ግን ራሷን ሰማች፤ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ራሷን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ታያት። ልብስ ሰፊው ታያት። ያባረረቻቸው አያቶች በሰልፍ ታዩዋት። ከሁሉ በኋላ አማቿ ታያት፤ ግራና ቀኝ ጎን ይዞ፣ እንደ መስታወት፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ። «ከእሱ ተማሩ!» ያለችውም ተሰማት።

በዚህ ጊዜ ከበሩ ወዲያ ልጅ አለቀሰ።

ባለ ፔርሙዟ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሲስተር ግፊ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። የውስጡን ሥራ ሳታይ ታውቀዋለች። ልጁ መጀመሪያ እናቱ ደረት ላይ ይሆናል። እትብቱ ይቆረጣል። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከሚዛኑ አንስቶ ወደ እናቱ የሚመልሰው፣ መመሪያው እንደሚለው፣ አጋሩ ነው። ሚዛኑ ደግሞ በሩ ሥር ነው ያለው። የወጣቷ አዋላጅ ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ደብዝዞ መጣ።

«አባት፣ ይምጡ ያንሱት።»

ሲስተር ግፊ ተነሳች። ወደ ቀኝ ተነሳች፣ ወንበሩ ቆነጠጣት፣ አልታወቃትም። በሩን ገፋችው፤ መቀርቀሪያዋ ጠንካራ ነበረች። በመስታወቱ ልታይ ሞከረች፤ ቀለሙ በደንብ የተቀባ ነበር። ብታንኳኳ፣ ሲያንኳኩ አትክፈቱ ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት። ያንን በር አልፎ የሚገባ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳትጠቀምበት ምላለች። ካልጮኸች ልጁን ዛሬውኑ ታቅፈዋለች። ከጮኸች አንገቱን እስኪችል ድረስ ከሩቅ ታየዋለች።

«አንገቱን!» አለች።

ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው በሙሉ የራሱን አንገት ያዘ። ባለ ፔርሙዟ ሻዩን ጭኗ ላይ ደፋችው። የግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ከተኛበት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጄሶ ክፍል ያለው ባለሙያም መቀሱን ከእጁ ጣለ፣ ለምን እንደጣለው ግን ገና አላወቀም።

ከውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ይዣለሁ! ይዣለሁ እማማ!»

ወጣቷ አዋላጅ በኋላ እንደመሰከረችው፣ እጆቹ ሕፃኑን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዘው ከሚዛኑ ሊያነሱት ጀምረው ነበር፣ ራሱም ወደ ኋላ ሊሄድ ተነቃንቆ ነበር። እሷ ራሷ እጇን ሳትዘረጋ ድምፁ ደረሰ። አንደኛው እጁ አለቃውን ሳያማክር በራሱ ሄዶ አንገቱ ሥር ገባ።

ቀጥሎ የልጇ ድምፅ መጣ፤ የደከመ ነው፣ ግን የመምህርት ነው።

«እማዬ። ሰምቼሻለሁ።»

በሩ ሲከፈት ሲስተር ግፊ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አጣምራ ገባች። አማቿ ወንድ ልጁን አቅፎ ቆሟል፤ አንገቱን የያዘበት እጅ ነጥቷል። አይታ ራሷን ነቀነቀች። አልቀረበችም።

«ምን ታይቶሽ ነው?» አለች ልጇ ከአልጋዋ።

«የጄኔራሉ አንገት ጄሶ ነው። እኔ ነኝ ያስጠቀለልኩት። ሁሉንም ያስተማርኳቸው በእሱ ነው።»

ልጇ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ አንገቱ የደረቀ አራስ አይተህ ታውቃለህ?»

«አራስ አይቼ አላውቅም» አለ መስታወት ቆራጩ። እውነቱን ነው።

«ስለ አንገቱ አመሰግንሻለሁ» አለች ልጇ ወደ እናቷ ተመልሳ። «ቅጣቱ ግን ቅጣት ነው። የአንዱን ካነሳሁ ክፍሉ በሙሉ ይረብሻል።»

«ማን አንሺልኝ አለሽ?» አለች እናቷ።

ሥራ በገባች ማግስት ጄኔራሉን ለጄሶው ባለሙያ መልሳ ወሰደችለት። ሰውየው ሥራው ሲፈርስ ማየት አልፈለገም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀሱን አቀበላት። ጄሶውን ስትቆርጠው የጄኔራሉ ራስ ወደቀ። ባለሙያው የገባው ቃልም አብሮ ወደቀ፤ የገዛ ራሱ ግን አልወደቀም፣ ቃል ሁሉ አይፈጸምም። እሷ አሮጌ የእግር ሹራብ ውስጥ ጥጥ ሞልታ፣ በቁስል መስፊያ ክር ራሱን ከገላው ጋር ሰፋችው። አሁን ራሱ ወደፈለጉበት ይወድቃል። ጄኔራሉ ማዕረጉን ተነጠቀ።

ከዚያ የተመረቁት አባቶች በሙሉ ተመልሰው ይምጡ አለች። ዳይሬክተሩ ስለ ተቋሙ ገጽታ ሲያስረዳት ቆየ። ማስታወቂያ መለጠፍ አይቻልም፣ ስህተት ነበር ማለት አይቻልም፣ ከጄኔራሉ ጋር የተነሳው ፎቶ ቢሮው ተሰቅሏል። ሰምታ ስትጨርስ መስኮቱን ከፈተችና አባቶቹን ያለ ማስታወቂያ ጠራቻቸው። በሳምንቱ አባቶቹ መጋዘኑን ሞሉት፤ ልጆቻቸውንም ይዘው መጥተዋል። ልጆቹ በሙሉ አንገታቸውን ችለዋል። በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ቀና ብለው አሰልጣኟን ያዩዋታል። በእናታቸው፣ በአያታቸውና በገዛ ራሳቸው ጥረት ለዚህ የበቁ ናቸው፤ ሥልጠናው ምንም አልጨመረላቸውም፣ እድሜ ለአያቶች ምንም አልቀነሰባቸውም። ሹፌሩ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ ምስክር ወረቀቱን እንመልስ?»

«አስቀምጠው። ከኋላው ‹አንገት› ብለህ ጻፍበት።»

የራሷ ቅጣት ግን ቀጠለ። ከሥራ ስትወጣ ልጇ ቤት ትሄዳለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ታያለች። አማቿ ልጁን ሲያነሳ በዓይኗ ትከተለዋለች። አንድ ጊዜ አዝኖላት፣ ሚስቱ ኩሽና እያለች፣ ልጁን ጠጋ አድርጎ ዘረጋላት። «ሂድ ወዲያ!» አለችው በሹክሹክታ። «ለእኔ አዝነህ እኔኑ ልታስቀጣኝ ነው?» ባለ ፔርሙዟ ሴት ወዳጅ ሆናታለች፣ ወንበሩም ተጠግኗል። ሲጠገን ሲስተር ግፊ ራሷ ተቀምጣ፣ ተነስታ፣ ተቀምጣ፣ ተነስታ ነው የተረከበችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ በደረቱ ተኝቶ ምንጣፉ ላይ ሳለ፣ ሲስተር ግፊ በሩን ከፍታ «እንዴት ዋላችሁ!» አለች። እንደ ልማዷ ነው ያለችው፤ ጎረቤትም «ደኅና» ብሎ መለሰ። ልጁ ራሱን ከምንጣፉ አነሳ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንገቱ ቀጥ አለ፤ ድምፁ ወደ መጣበትም ዞረ።

ሁሉም የልጁን እናት አዩ። መምህርቷ ልጇን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጁን አነሳችና አመጣችላት።

«በይ ተቀበይ።»

ሲስተር ግፊ ተቀበለች። አንድ እጇን ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከአንገቱ ሥር አስገባች። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ እጇን እንደማያስፈልገው ሰው ቁልቁል አያት።

«እማዬ፣ አንገቱን እኮ ችሏል» አለች ልጇ።

«ጄኔራሉም ችሎ ነበር» አለች፣ እጇን ሳትወስድ።